ኒካሑ ባሕር ዳር፣ ሙሽራው ካርቱም

ለምናፍቅህ ወንድሜ ለሙሀመድዘይን፤

አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? የካርቱም ሙቀት ከዳቦው ምድጃ ጋር ተባብሮ አላቀለጠህም? ሳሉስ ለቀቀህ ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ያዝ ያደርጋታል እንጂ ምላሷስ ደህና ነው፤ የምጽፍልህም የምላሷን ወሬ ነው።

እንኳን ደስ አለህ! ኒካሑ ታስሯል፤ ዘይነት ሚስትህ ናት። እንዴት እንደታሰረ ሳልነግርህ ብቀር ግን ሆዴ አይችልልኝም።

የዘይነት አባት ሐጂ በድሩ ቤት ለሽምግልና የሄድነው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ነው። ወንዶቹ ሳሎን፣ እኛ ሴቶቹ ከዘይነት ጋር ከመጋረጃው ወዲህ። መምጣት ስለማትችል በወኪል ይታሰር ብሎ መናገር የአጎታችን የሙሀመድሰዒድ ድርሻ ነበር። ታውቀው የለ! ነገሩን ላሳምር ብሎ፣ በተውሶ ኮት የተነሣኸውን ፎቶ አውጥቶ ለሐጂ ሰጥቶ፣ ልጃችን የትልቅ መሥሪያ ቤት ሹም ነው፣ የሚቀመጥበት ወንበር ራሱ ይሽከረከራል አለልህ።

ሐጂም ጢማቸውን እየዳበሱ፣ ሹም ከሆነማ ፈቃድ ጠይቆ ለገዛ ኒካሑ የማይመጣው ለምንድን ነው? ወይስ እዚያ ሌላ ትዳር ይዟል? አሉ። አጎታችን ሻዩን አነሣ፣ ሳይጠጣ መልሶ አስቀመጠ። ዘይነት ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። ሐጂ ለከሰዓቱ የዐስር ሶላት ልሂድ ብለው ብድግ አሉ፤ አለቀልን አልሁ።

ይኼኔ እማዬ ከመጋረጃው ወዲህ ሆና ድምጿን አሰማች። ሐጂ፣ ይስሙኝ፤ ልጄ ሹም አይደለም፣ ዳቦ ጋጋሪ ነው። የመኖሪያ ወረቀት የለውም፤ ፖሊስ ሲመጣ ከዱቄት ጆንያ ኋላ ይደበቃል። ከወጣ መግቢያ የለውም፤ ያልመጣውም ለዚህ ነው። አሠሪው ወረቀት እንደሌለው አውቆ ከሌሎቹ አሳንሶ ይከፍለዋል። እሱ ግን ከዚያችው ቆርሶ እኅቱን ያስተምራል፣ የኔን ጣራ አስከድኗል። ሌባ አልወለድሁ፣ ምን ያስደብቀኛል? አለች። ወንድሜ፣ እንደዚያ ሰዓት ኮርቼ አላውቅም።

ሐጂ እንደቆሙ ወደ መጋረጃው ዞረው፣ ዘይነት፣ ሰማሽ ወይ? አሉ። እሷ አፍራ በጆሮዬ ሹክ አለችኝ፤ እኔም ጮክ ብዬ፣ ሰምቻለሁ አባባ፣ እኔ ጋጋሪውን ነው የምፈልገው፤ ሹሙን ለአጎትየው ይመልሱላቸው ትላለች አልሁ። ሐጂ መጀመሪያ በጢማቸው፣ ኋላ በሆዳቸው ሳቁ፤ ተመልሰውም ተቀመጡ።

እሑድ ቃዲው ባሉበት አጎታችን በአንተ ቦታ ተቀብያለሁ አለ፤ ከሐቅ ሌላ አንዲት ቃል አልጨመረም። ሐጂም አሁን ሱቃቸው ለገባ ገበያተኛ ሁሉ፣ አማቼ ካርቱም ዳቦ ጋጋሪ ነው እያሉ ይነግራሉ።

እማዬ ግራ ቀኝ ጉንጭህን ስማሃለች፤ ለሳልህ የላከችልህን ማር ለባልንጀራ እንዳታድል ብላለች። አጎታችን አፍሮ ሰላምታውን በኔ በኩል ልኳል። ሐጂ በዱዓ አልረሱህም። ሚስትህን ምን ልበልልሽ ብላት፣ የኮቱን ፎቶ መለሰችልኝ። ይኸው አብሬ ልኬዋለሁ። ዱቄት በነካው ልብስህ፣ ምድጃህ ፊት ቆመህ ሌላ ተነሣና ላክልን። እማዬ ሳሎኑ ላይ ምስማሩን መትታ እየጠበቀች ነው።

እኅትህ ሰዓዲያ
ባሕር ዳር፣ ጥር 12 ቀን 1979 ዓ.ም.