በሩን በየት በኩል ልስቀለው?

ሰይዴ፣ አሰላሙ ዐለይኩም።

ለሞተ ሰው ሰላምታ አይደርሰውም የሚል ካለ ይበል፤ የመቃብር ሰው ሰላምታ ይሰማል ብለህ የነገርከኝ አንተው ነህ። ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረው። ዛሬ የምጽፍልህ ናፍቆት ብቻ አስጨንቆኝ አይደለም፤ እሱማ መቼ ለቆኝ ያውቃል። ግራ ገብቶኝ ነው። ድሪል ገዛሁ። አዎ፣ እኔ! ምስማር ስመታ ጣቴን የምመታው ሴትዮ፣ መርሳ ከተማ መሃል ድሪል ይዤ ቆሜልሃለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። የስኳር መድኃኒትህ አልቆ፣ መንገዱም ተዘግቶ አንተ ያረፍክ ዕለት፣ የቀብር ዕድራችን የቅሬው ቃሬዛ የሚቀመጥበት ቤት ከአስፋልቱ ማዶ ነበር፤ ተኩሱ ደግሞ አስፋልቱ ላይ። ማን ይሻገር? የቅሬው ሰዎች፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ዞር ዞር ብለው አዩና የቤታችንን በር በዶማ ነቅለው አንተን በሱ ተሸከሙህ። ያንን በገዛ እጅህ የሠራኸውን የዋንዛ በር። ቀብረውህ ሲመለሱ በሩን መልሰው ግድግዳው ላይ አስደገፉት። እስካለፈው ሳምንት እዚያው ነበር። እኛ መግቢያው ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለን በጋውም ክረምቱም አለፈብን።

እስካሁን ለምን አልሰቀልሽውም ትለኝ ይሆናል። እንጃ። አናጺው ሸሽቶ በሄደበት ቀርቷል። የመሣሪያ ሳጥንህን የወሰደ ወስዶታል፤ ካቻቢቴ እንኳ አልተረፈችም። ደግሞ በሩን ባየሁት ቁጥር አንተ የተኛህበት ይመስለኛል፣ እጄ አይሄድም። በዚህ ላይ ዘንድሮም ያው የጦርነት ወሬ መጣ። መጡ ይባላል፤ አልመጡም ይባላል። ግማሹ ሰው ዕቃውን ወደ ደሴ ያሸሻል፣ ግማሹ ከደሴ ይመለሳል። እንሂድ ብላቸው እናትህ፣ ልጄ ከተኛበት አገር አልወጣም አሉ። የማንሄድ ከሆነ እንግዲህ በር ያስፈልጋል። ብርድ ልብስ ማንን ይመልሳል?

በምስማር ሞከርኩ። መቃኑ ወይራ ነው፤ ምስማሩ ሁሉ እየተቆለመመ ተመለሰ። ወይራ መጀመሪያ ካልተበሳ ብሎን አያስገባም ትል የነበረው ትዝ አለኝ። መብራቱ ደግሞ አንድ ቀን መጥቶ ሦስት ቀን ይጠፋል። ስለዚህ በባትሪ የሚሠራ ድሪል ልግዛ ብዬ ወልድያ ሄድኩ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል።

አይ መከራ! ባለሱቁ ጥያቄ አወረደብኝ። ለእንጨት ነው፣ ለግድግዳ ነው፣ ለብረት? አሥራ ሁለት ቮልት ነው ሃያ? የሚመታው ይሁን የማይመታው? እኔ የሚመታና የማይመታ ሲባል የማውቀው ባል ነው፤ አንተ ደግሞ ከማይመቱት ነበርክ፣ አልሐምዱሊላህ። ሳላስበው ወደ ቀኜ ዞር አልኩ፤ ገበያ ስንወጣ አንተ የምትቆምበት በኩል። ማንም የለም። ባለሱቁ ምን ጠፋብሽ አለኝ።

ኮንክሪት ይበሳል ብሎ ትልቁን አስታቀፈኝ። ክንዴን ገነጠለው። የኛ ግድግዳ ድንጋይና ጭቃ፣ እኔ የምበሳው እንጨት፤ ኮንክሪት ከየት አመጣለሁ? ሁሉንም እንደ ፓፓያ እያነሳሁ በእጄ መዘንኩ። በመጨረሻ ትንሿን ያዝኩ፣ ሁለት ባትሪ ስላላት። አንዱ ሲያልቅ በሌላው መቀጠል፣ መብራት የመጣ ቀን ሁለቱንም መሙላት ነው። ብትኖር በምርጫዬ ትኮራ ነበር ወይስ ትስቅብኝ ነበር? እሱንም አላውቀውም።

ስመለስ ሲሪንቃ አጠገብ ፍተሻ ነበር። ፈታሹ ከከረጢቴ መዘዝ ሲያደርጋት የሚኒባሱ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ሽጉጥ መስላቸው! ቁልፎቿን ሁሉ እየነካካ ጢዝዝ አደረጋትና እየሳቀ መለሰልኝ።

ቤት ገብቼ መቃኑ ላይ ደገንኳት። ትዞራለች፣ ትጮኻለች፤ እንጨቱ ግን ከመጫር በቀር ወይ ፍንክች። የምትበሳዋን ብረት ቀየርኩ፤ ያው ነው። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ባለሱቁን ስረግመው ዋልኩ። እናትህ ጥጥ እየፈተሉ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸው እንደምታውቀው ደክሟል። እንዝርታቸውን አስቀመጡና፣ እስቲ ቀስ አድርገሽ አዙሪያት አሉኝ፤ ጣታቸውን አስጠግተው ዳሰሷት። ይቺ እኮ ወደ ኋላ ነው የምትዞረው፣ እንዝርት ወደ ኋላ ዞሮ ይፈትላል እንዴ አሉ። ለካ ያ ፈታሽ ማዞሪያዋን ገፍቶት ኖሯል! መልሼ ብገፋት ወይራው ውስጥ ስርስር ብላ ገባች። ወይ ጉድ፣ እኔስ ባለሱቁን ምን ብዬ ይቅር በለኝ እላለሁ?

በዶማ የተነቀለው የበሩ ጎን ተሰንጥቆ ብሎን አልይዝ አለ። ጎረቤታችን ብርቄ፣ መቼም እሷን በነገር የሚቀድማት የለም፣ ገልብጠን በደህናው ጎን እንስቀለው አለች። እሷ ያዘች፣ እኔ በሳሁ። ማጠፊያው ገባ፤ መቀርቀሪያውም ከውስጥ ገባ። እልል አልን። ዓመትህ ሳይወጣ እልል አለች ብለህ እንዳትቀየመኝ።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ጭንቅ መጣ። ተኩስ ሲጀምር መንደሩ የሚሮጠው ወደ ማን ቤት እንደሆነ ታውቃለህ፤ የድንጋይ ግድግዳ ያለው የኛ ብቻ ነው። ብርቄ ልጆቿን አንጠልጥላ ስትመጣ እኔ ከውስጥ ቀርቅሬ ውጭ ልትቀር ነው? እንዳልቀረቅር ደግሞ የሚመጣው ማን እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ያን ጊዜ ቀዳዳህ ትዝ አለችኝ። መቀርቀሪያው አጠገብ የበሳሃት፣ ክር አሳልፈህባት የሚያውቅ ሰው ከውጭ ስቦ ይከፍት የነበረባት። ስንት ዓመት ተጨቃጨቅንባት! ብርድ ታስገባለች ብዬ በጨርቅ ስወትፋት፣ አንተ ስትነቅለው። ጎረቤት በር ቆርቁሮ ይጠብቅ እንዴ ትለኝ ነበር።

ሄጄ ፈለግኳት። በሩን ገልብጠነው የለ፣ አሁን ያለችው ማጠፊያው ጋ ነው። መቀርቀሪያው ወዲህ፣ እሷ ወዲያ! ቁጭ ብዬ ሳቅኩ ይሁን አለቀስኩ እኔ አላውቅም፤ እናትህ ግን ምን ሆነሽ ነው ብለው ደንግጠዋል።

እንግዲህ አዲስ ቀዳዳ መብሳት ነበረብኝ። ወይራው ላይ ያልፈራሁት ሴት፣ ዋንዛው ላይ ስደርስ ፈራሁ። አንተን የተሸከመ እንጨት ነዋ። የሚያመው ይመስል ቀስ ብዬ በሳሁት። እናትህ ከፈተሉት ጥጥ ገምደው ጠንካራ ክር ሰጡኝ። አሳልፌ ከመቀርቀሪያው አሰርኩት። ብርቄ ከውጭ ሳበችው፤ ተከፈተ።

ይኸው ነው ወሬዬ። እንቆይ እንሂድ አሁንም አልቆረጥኩም። በሩን ዳግመኛ ነቅለው ማንን ይሸከሙበት ይሆን እያልኩ መባነኔም አልቀረም። የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ክሩ ውጭ ተንጠልጥሏል።

ያንተዋ ቀዳዳ ለምንም አትሆንም፤ ዝም ብላ ብርድ ታስገባለች። ብርቄ ትናንት ጨርቅ ጠቅልላ ልትወትፋት ስትል እጇን ያዝኩት። እኔ በሕይወት እያለሁ፣ በሩም ቆሞ እያለ፣ ያቺን ቀዳዳ ማንም አይወትፋትም። ይንፈስብኝ።

ባለቤትህ ዘሀራ