ከሞተሩ ሥር የታሰረው ላሜራ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

እንደ ወትሮው። አራቱን በሽተኞቼን በቫኔ ከየበራቸው ለቅሜ ለኩላሊት እጥበት ሆስፒታል አደረስኩ። መልስ ላይ፣ ኮረኮንቹ ጋ ስንደርስ፣ ከሥር «ቋ!» አለ። ድንጋይ።

ጡረተኛው መምህር ከኋላ ወንበር፣ «ልጄ፣ የመኪናሽ ነው ወይስ የእኔ አጥንት?» አሉ። ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ወርጄ ጎንበስ ብዬ አየሁ። የሞተሩ ዘይት መያዣ፣ ኮፓው፣ ጎድጉዷል፣ አልተቀደደም። ለዛሬ...

ቢቀደድስ? ዘይቱ ይፈሳል፣ ሞተሩ ደርቆ ይቆማል። በዚያ መንገድ ላይ ሌላ መኪና ከየት ይመጣል? እጥበት ያመለጠው ሰው ደግሞ... አልጽፈውም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ለባሌ ነገርኩት። ምነው ምላሴን በቆረጠው።

«ከሞተሩ ሥር ወፍራም ላሜራ ማሰር ነው። ድንጋዩን እሱ ይቀበልልሻል። እኔ እሠራዋለሁ።»

እኔ እሠራዋለሁ አለ! ክሪኩ ተንሸራቶ ሲጠግነው የነበረው የሰው መኪና ትከሻው ላይ ካረፈ ሁለት ዓመቱ ነው። ያን ቀን ስደርስ ከውጭ የሚታየው እግሩ ብቻ ነበር። አይንቀሳቀስም ነበር። ከዚያ ወዲህ መኪና ሥር ገብቶ አያውቅም። እቤት ተቀምጦ የጎረቤት ሬዲዮ ይጠግናል፣ እኔ እነዳለሁ።

«እናያለን» አልኩት። የእኔ እናያለን አይሆንም ማለት እንደሆነ ያውቃል። አሥራ ስምንት ዓመት አብሮኝ ኖሯል።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

ዋሸሁት። ገበያ ልሂድ ብዬ አንድ ጋራዥ ገባሁ። ባለጋራዡ ችኩል ነው፣ ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሐል ወትፎ ነው የሚሠራው። ላሜራውን ቆረጠ፣ በአራት ብሎን ጠፈረው፣ አለቀ።

«ከእንግዲህ ዐለት ላይ ብትነጂም አትፈሪ፣ እቴ።»

ተገላገልኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ይንኳኳል። በነዳሁ ቁጥር ከሥር ይንኳኳል። ዳገቱ ላይ ደግሞ የሙቀት መለኪያው ወጣ... ወጣ... ሦስት ጊዜ ቆሜ ሞተሩን አበረድኩ። መምህሩ ሕክምናው አድክሟቸው ዓይናቸውን እንደጨፈኑ፣ «ዛሬ ቤቴ እገባለሁ?» አሉኝ። እንዲህ ጠይቀውኝ አያውቁም።

«እንዴታ፣ ጋሼ!» አልኩ።

ቤት ስደርስ ባሌ በር ላይ ቆሟል። ሞተሩን ሳላጠፋው መንኳኳቱን ሰማ።

«ማነው ያሰረው?»

ሞተሩን አጥፍቼ ወረድኩ።

«ማነው ያሰረው ነው የምልሽ?»

ነገርኩት። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። አልጮኸም። «ባዕድ አምነሽ እኔን...» አለና ሳይጨርሰው ገባ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ፣ ኅዳር 8

አልተነጋገርንም። ጨው ስጠኝ እንኳ አልተባባልንም።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ነገ እጥበት አለ። በዚያ መኪና? አልቻልኩም። ሬዲዮውን እየፈታ ባለበት ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ያላመንኩት እጅህን አይደለም።»

«ታዲያ ምኔን ነው?»

«ያን ቀን ያየሁት እግርህን ብቻ ነው። ሞተሃል ብዬ ነበር።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ተናግሬው አላውቅም። እሱም የሬዲዮውን መፍቻ አስቀምጦ፣ «ክሪኩ አይደለም ጥፋተኛው» አለ። «ቸኩዬ መደገፊያ ሳላደርግ ነው የገባሁት። ለማን ልናገር? ባለሙያ ነኝ ባይ!»

እኔ ክሪኩን ስረግም ነው የኖርኩት!

«ነይ፣ መደገፊያውን አንቺ አድርጊ» አለኝ። «አንቺ ልብሽ ካልቆረጠ አልገባም።»

ሁለቱን የብረት መደገፊያ እኔ አቆምኩ። ጎማው ሥር ድንጋይ እኔ አደረግኩ። እንደማይወድቅ ለማየት ቫኑን ገፋሁት። ደግሜ ገፋሁት። «አሁንስ ልትገለብጪው ነው!» አለ። ሳቀ? የሳቀ መሰለኝ።

ገባ። ውጭ ቆሜ ማየት አልሆነልኝም። ካርቶን አንጥፌ አጠገቡ ተንጋለልኩ። ላሜራውን አወረድነው። አየር ማስገቢያ የሚባል የለውም፣ ለዚህ ነው ሞተሩ የታፈነው። ቀዳዳ አበጀለት፣ ብረት ከብረት የሚነካካበት ላይ ጎማ አስገባ። ስንመልሰው ቀኝ ክንዱ አልነሳ አለው። እሱ ብሎኑን ያስጀምራል፣ እኔ አጠብቃለሁ።

«ቀስ... ቀስ... በቃ! ከዚህ በላይ የብሎኑን ጥርስ ትበይዋለሽ።»

ስንወጣ ፊታችን ዘይት በዘይት። ጎረቤቷ በአጥር ብቅ ብላ፣ «ምን ሆናችሁ?» አለች። ምን እንበላት?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ዳገቱን ወጣሁ። መለኪያው ከመሐል ንቅንቅ አላለም። ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅኩ... ምንም። መምህሩ እያንኮራፉ ነበር።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 4

የሆስፒታሉ አምቡላንስ ሾፌር ባለፈው ሳምንት ጎንበስ ብሎ ላሜራውን አይቶ፣ «ማን ነው የሠራልሽ?» ብሎ ነበር። «ባሌ» አልኩት። አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት።

ዛሬ ጠዋት መጥተው ባሌን ወሰዱት። ላሜራ የሚያስርላቸው ሦስት አምቡላንሶች ይጠብቁታል። አሮጌ ቱታውን ለበሰ፣ ሆዱ ጋ ጠቦታል። «ምን ትስቂያለሽ?» እያለ ወጣ።

ልብስ አጠብኩ። እህቴ ጋ ደውዬ ስለ ልጇ ፈተና አወራን። ሽሮዬ አረረብኝ፣ እንደገና ሠራሁ። አሁን ለመጻፍ ስቀመጥ ሰዓቴን አየሁ፣ ዘጠኝ ሆኗል። እስካሁን መኪና ሥር ነው ማለት ነው... ከጠዋት ጀምሮ አንዴም ትዝ አላለኝም።

አሁን ትንሽ ፈራሁ። ትንሽ።