እማዬ ምርቃት አቋረጠች

እሁድ፣ ነሐሴ 11፣ አቃቂ

ውጭ አገር ልማር ስለምሄድ ዛሬ የእድራችን ሽማግሌዎች መረቁኝ። በሰፈራችን ሰው ግምት ለትምህርት ውጭ አገር የሚሄድ ሁሉ ሐኪም ሊሆን ነው። የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ታደሰም እንደለመዱት «ሐኪም ሆነሽ ወገንሽን የምታክሚ ያድርግሽ» አሉኝ። እኔ የምማረው የእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ነው። ግን ሽማግሌ ሲመርቅ አይቋረጥም፤ እጄን እንደዘረጋሁ አሜን አልኩ።

እማዬ ከሴቶቹ መሀል ተነሳች። ሕክምና አልማርም በማለቴ ዓመት ሙሉ ያኮረፈችኝ እማዬ። «ይቅርታ ጋሼ፣ ልጄ የምትማረው የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ነው። ለሱ ይመርቁልኝ» አለች።

ጋሽ ታደሰ ለዚህ የሚሆን ምርቃት ኖሯቸው አያውቅም። በመጨረሻ «እንግዲህ ብዕርሽን ይባርክልሽ፤ የጻፍሽውም ይነበብልሽ» አሉ። ከሁሉ በላይ የተሰማው የእማዬ አሜን ነበር። እንደዛሬ ኮርቼባት አላውቅም።

ጭቃውን እየዘለልን ወደ ቤት ስንመለስ ክንዴን ያዘችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ለመሆኑ ሥነ ጽሑፍ የተማረ ሰው ምን ይሠራል?» አለችኝ።

ለካ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ነው የቆመችልኝ።