ፉጨቱን ያልሰማው ዳኛ

ጥቅምት 4

የምሠራውን ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የታችኛውን መንጋጋ፣ ዛሬ አስረከብኩ። ያሠሩት ሽማግሌ ስንቴ አስመልሰውኛል… "ይሄ የኔ ጥርስ አይደለም" ይላሉ። የማን ሊሆን ነው ታዲያ? ዛሬ ነክሰው ነክሰው ሲሞክሩት ቆዩና ምንም ሳይሉ ወጡ። ምስጋና ነው ብዬ ወሰድኩት።

አዲሱ የጥርስ መሞረጃ ማሽን ተስማምቶኛል። የድሮው ሲዞር አናት ይበሳ ነበር። ይሄኛው ልስልስ ያለ ነው፤ እጄን ካልነዘረኝ መዞሩንም አላውቅ። ሰም የምታቀልጠው ባልደረባዬ ግን ጆሮዋን በጥጥ ደፍና ነው የምትውለው። የኔን ወሬ ላለመስማት መሆን አለበት። ይሁንላት።

ቤት ገባሁ። እንቁላል ጠበስኩ፣ ቆሜ በላሁ፣ መጥበሻውን ውሃ ውስጥ ጥዬ ስልኬን ከፈትኩ። ግሩፑ ደርቷል። አንድ የሮክ ባንድ የምንወድ ሰዎች ነን፤ አብዛኞቻችን በአካል አንተዋወቅም። ኮንሰርት የሄደ ሰው በኪስ መቅረጫ የቀዳውን ያመጣል፣ ሌላው ይሰማል፣ ከዚያ ጭቅጭቅ ነው። እኔ "ዳኛው" ነኝ። የትኛው ቅጂ ይሻላል፣ ታዳሚው የቱ ጋ በጠበጠ… የምፈርደው እኔ ነኝ። ጠላቶቼ የታወቁ ናቸው፦ አብሮ ዘፋኝ፣ አፏጪና ወሬኛ። ወሬኛው ይብሳል። ቲኬት ቆርጦ፣ ተሰልፎ ገብቶ፣ ልክ ጊታሩ ሲጀምር ስለ ጎረቤቱ መኪና የሚያወራ ሰው ምን ይባላል?

ከባለቤቴ ጋር ከተለያየን ወዲህ ቤቱ ፀጥ ብሏል። መጀመሪያ ፀጥታውን ወድጄው ነበር። አሁን… "አንተስ ምን ትላለህ?" ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ያለው ስልኬ ውስጥ ብቻ ነው። ስጽፈው አፈርኩ። ግን እውነት ነው።

ጥቅምት 7

ዛሬ ግሩፑ ውስጥ ጦርነት ነበር። የጀመረው ቧንቧው የምንለው ሰው ነው። ሥራው ቧንቧ መጠገን ነው፤ የራሱን አፍ ግን የሚዘጋለት አላገኘም። የሕዝቡን ጫጫታ በኮምፒውተር ማጥፋት ተችሏል ብሎ አንድ ዘፈን አጥቦ ላከልን። ሰማሁት። ጭብጨባ የለ፣ ጩኸት የለ። ደስ አለኝ።

ሦስተኛ ረድፍ ተቆጣች። ሁልጊዜ ከመድረኩ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሆና ስለምትቀርጽ ነው ስሟ። "ሰው ከሌለበት ምኑን ኮንሰርት ሆነ? ልምምድ በሉታ!"

"ዳኛው ይፍረዱ" አለ ቧንቧው።

"ታዳሚ ማለት ከፍሎ ገብቶ ዝም የሚል ሰው ነው" ብዬ ጻፍኩ።

ተሳቀ። አንዱ "ይሄ ግድግዳ ላይ ይለጠፍልን" አለ። ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋለ። በዚህች በዚህች የምደሰት ሰው ሆኛለሁ… ከመቼ ጀምሮ?

ጥቅምት 11

አዲስ ቅጂ መጣ። ባለፈው ሳምንት የተጫወቱት ነው። ከሥራ እንደገባሁ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ከፈትኩት።

ታዳሚው ተአምር ነው! ያ ቀስ ያለው ዘፈን፣ ድምፃዊው ብቻውን በጊታር የሚጀምረው… ትን ያለው እንኳ የለም። ይሄን ዘፈን በስንት ቅጂ ሰምቼዋለሁ፣ እንዲህ ንጹሕ ሆኖ ገጥሞኝ አያውቅም። ወዲያው ፍርዴን ጻፍኩ፦ "እስከ ዛሬ ከሰማኋቸው ሁሉ አንደኛ። ታዳሚውን በሙሉ አመስግኑልኝ።"

ጥቅምት 12

ሲስቁ አደሩ።

"ዳኛው ዛሬ ፍርድ ቤቱን ዘግተው ቀልድ ጀመሩ!" ይላል ቧንቧው። ሌላው፦ "እኔ ከምር መስሎኝ ደንግጬ ነበር።" ሌላው፦ "ያ አፏጪ ግን ማነው? ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ! ጆሮዬን በሳው።"

የቱ አፏጪ?

እንደገና ሰማሁት። ምንም። የጆሮ ማዳመጫ አድርጌ፣ ድምፁን እስከ ጥግ ከፍቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ… ምንም። ድምፃዊው አለ። ቤዙ አለ። ሌላ ማንም የለም። የጆሮ ማዳመጫው ተበላሽቶ እንደሆነ ብዬ በስልኩ ድምፅ ማጉያ ሞከርኩት። ያው ነው።

"ቀልዴን ነው፣ ገባችሁ አይደል?" ብዬ ጻፍኩ። 

ጥቅምት 13

ባልደረባዬን ጥጥሽን አንዴ አውጪው አልኳት። መሞረጃውን አስነሳሁ። "ይሄ ማሽን ድምፅ አለው?"

አየችኝ። እየቀለድኩ እንዳልሆነ ሲገባት ፊቷ ተለዋወጠ። "እንዴ! ከገባ ጀምሮ እኮ ጆሮ እየቀደደ ነው። አንተ እንዴት እንደምትችለው ይገርመኝ ነበር… ጥጡን ለምን የምወትፍ መሰለህ?"

እኔ የመሰለኝንማ አልነገርኳትም። "ሐኪም ጋ ሂድ" አለችኝ፣ ቀስ ብላ። ወይም ቀስ ያለች መሰለኝ። አሁን የቱን ልመን?

ጥቅምት 18

የጆሮ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገብተው ቁልፍ አስያዙኝ። ድምፅ ስትሰማ ተጫን። መጀመሪያ ላይ ጎበዝ ነበርኩ። ከዚያ ቀረ። እጄን ቁልፉ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ… ነርሷ በመስታወቱ ታየኛለች። ያንቀላፋሁ መስሏት ይሆን? "ማሽኑ ቆመ እንዴ?" አልኳት። አልቆመም በሚል ራሷን ነቀነቀች።

ሐኪሙ ወረቀት አሳየኝ፤ መጀመሪያ ደህና ሄዶ ከዚያ ገደል የሚገባ መስመር። ቀጫጭኑ ድምፅ ሄዷል አለኝ። የመሞረጃው ሥራ ነው፣ የዓመታት። ወፍራሙ አለ፤ ግራው ጆሮዬ ትንሽ ይሻላል። የሄደው አይመለስም።

"ሙዚቃስ?" አልኩት።

"ከበሮውና ቤዙ ይቀርልዎታል። መስሚያ መሣሪያ ቢያደርጉ ለንግግር ይረዳል። ለሙዚቃ ግን… ብዙ ተስፋ ባልሰጥዎት ይሻላል።"

ደጁ ላይ ትንሽ ቆምኩ። መንገዱ ላይ መኪና ያልፋል፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ይወጣሉ። አፋቸው ይከፈታል፣ ይዘጋል። እንዲህ ፀጥ ያሉ ልጆች ናቸው ብዬ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ?

ጥቅምት 19

ለማንም አልተናገርኩም። ለማን ልናገር?

ጥቅምት 25

እህቴ ደወለች። "እትዬ፣ ምን ያንሾካሹክሻል?" አልኳት። "እየጮህኩ ነው አንተ ሰውዬ!" አለች። ኔትወርክ ነው ብዬ ዘጋሁት። ነገ ልነግራት እችላለሁ። ነገም ዛሬ ይሆናል፣ አውቀዋለሁ ራሴን።

ግሩፑ ውስጥ ደግሞ ሌባ ሆኛለሁ። ቅጂ ሲመጣ አልፈርድም፤ ሌሎቹ እስኪጽፉ እጠብቃለሁ። ቧንቧው "ሁለተኛው ዘፈን ላይ ሴትየዋ ትጮሃለች" ሲል፣ እኔ ዘግየት ብዬ "ሴትየዋ አስቸገረች" እላለሁ። ያልሰማኋትን ሴት እሰድባለሁ። ምን በደለችኝ?

ከበሮ መቺው የሚመታቸው የነሐስ ሳህኖች ትዝ ሲሉኝ ነው የማዝነው። አንድ ዘፈን አለ፣ መጨረሻው ላይ እነሱን ብቻ እየነካካ ቀስ በቀስ የሚያጠፋው። ዛሬ ከፈትኩት። ቤዙ አለቀ፣ ከዚያ ምንም። ጭብጨባው እስኪመጣ ድረስ ዝም። አለቀስኩ… ብጽፈው ምን አለበት፣ አለቀስኩ።

ኅዳር 2

ከግሩፑ ወጣሁ። ሰላምታም ስንብትም የለ፤ "ውጣ" የሚለውን ተጫንኩና ወጣሁ። ሰምቶ የማይፈርድ ዳኛ ምን ይሠራል?

ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ዝም ብሎ ተጋድሟል። ተበላሽቶ እንደሆነ ብዬ አጥፍቼ አበራሁት። አልተበላሸም።

ኅዳር 6

ሦስተኛ ረድፍ ለብቻ ጻፈችልኝ። እንዲህ ብላ፦

"ዳኛው፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት አይቆጡ። ያን ፉጨት ከምር አልሰሙትም፣ አይደል?"

ሻይ አፈላሁ። ሻዩ ቀዘቀዘ። "እንዴት አወቅሽ?" አልኳት።

"እርስዎ በታዳሚ ቀልደው አያውቁማ።"

ሁሉንም ነገርኳት። ማሽኑን፣ ሐኪሙን፣ የተሰረቀውን ፍርድ። ለእህቴ ያልነገርኩትን መልኳን ለማላውቃት ሴት። "አይዞዎት" ምናምን ትላለች ብዬ ፈርቼ ነበር። አላለችም።

"እሑድ ከሰዓት ይጫወታሉ። ሁለት ቦታ አለኝ። ይምጡ።"

"መጥቼ ምን ልሰማ?"

"የሚያመልጥዎትን እነግርዎታለሁ።"

"በዘፈን መሃል?"

"በዘፈን መሃል።"

"ወሬ?!"

"አዎ፣ ወሬ። እኔም አልወደውም፣ ግን ምን ይደረግ?"

አልመጣም አልኳት። ቦታውን አልሰጥብዎትም አለች።

ኅዳር 11

ሸሚዝ ተኮስኩ። መሄዴ አይደለም። ሸሚዙ ስለተጨማደደ ነው።

ኅዳር 12

ሄድኩ።

አዳራሹ ድሮ መጋዘን ነበር፤ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ወንበሮቹ ፕላስቲክ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንዲት አጠር ያለች፣ የእኔ ዕድሜ የምትሆን ሴት ቦርሳዋን አጠገቧ ያለው ወንበር ላይ አስቀምጣ ሰው እንዳይቀመጥበት ስትከላከል አየሁ። "ዳኛው!" አለችኝ፣ ገና ሳልደርስ፤ ቦታ ስፈልግ አይታ መገመቷ ነው። ሰማኋት። ድምፅዋ ወፍራም ነው! የአውቶቡስ ሹፌር ናት፤ "ወደ ኋላ ጠጋ በሉ ስል ነው እንዲህ የሆነው" አለች። ከእርስዎ ወደ አንተ መቼ እንደተሻገርን አላስታውስም። መቅረጫዋን አብርታ ደረት ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

ጀመሩ። ቤዙ በወንበሩ እግር በኩል ወደ ጀርባዬ ወጣ። እሷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፦ "አሁን ሳህኖቹን በብሩሽ እየነካካቸው ነው… ቆይ… አሁን አንዷን ብቻ።" መቺውን አየሁት። እጁ አየር ላይ ቆመ፣ ወረደ። "አሁንስ?" አልኳት። "አሁን እንደ ዝናብ።" "ከኋላ ሰው አለ?" "አንዱ ያፏጫል።" "የታባቱ!" ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ከፊታችን የነበረው ጎረምሳ ዞር አለ። "ጋሼ፣ ኧረ በናትዎት!"

ይቅርታ ጠየቅሁት። ከምሬ ነው፣ ልክ ነው ልጁ።  ቀጣዩ ዘፈን ሲመጣ ግን "አሁንስ?" አልኳት ደግሜ። አልቻልኩማ!

ስንወጣ በእግር እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄድን። ዛሬ ተሳፋሪ ነኝ አለች። ቤት ስገባ ጉሮሮዬ ከርክሮኝ ነበር። ለካ ብዙ አውርቻለሁ።

ኅዳር 13

ለእህቴ ደወልኩ፣ ነገርኳት። መጀመሪያ ሰደበችኝ፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ዳግም ሰደበችኝ። ሁሉንም ጮክ ብላ።

ኅዳር 15

ሦስተኛ ረድፍ ግሩፑ ውስጥ መልሳ አስገባችኝ። ቅጂውንም ለቀቀችው። ከሥራ ስወጣ ስከፍተው እሳት ተነስቷል።

"ምርጥ ቅጂ ነበር፣ ያ ወሬኛ ሰውዬ ባይኖር!" "'አሁንስ? አሁንስ?' ይላል እኮ፣ ምን አግኝቶት ነው?" "የሚስቁት ደግሞ በዚያ ዘፈን ላይ!" ቧንቧው እንደ ልማዱ ሁሉንም አስከነዳ፦ "ሰውዬው ወሬውን ቤቱ ቁጭ ብሎ አይጨርስም? ዳኛው መጥተዋል፣ ይፍረዱበት!"

እሷ ምንም አልጻፈችም። ለእኔ ትታዋለች።

ሰማሁት። የባንዱ ግማሹ የለም፤ እንዳለ ሆኖ እንደማልሰማው አውቄዋለሁ አሁን። ሰውየው ግን አለ። ወፍራም ድምፅ፣ ቅርብ፣ እያንዳንዷ ቃል። ይጠይቃል። ይመለስለታል። ይስቃል። ያ ሳቅ የኔ መሆኑን ለማመን ጊዜ ወሰደብኝ። ወደ ኋላ መልሼ ሰማሁት። አጠገቡ ሰው ያለው ሰው ድምፅ ነው። እንደገና መለስኩት።

ከዚያ ጻፍኩ፦ "ወሬኛው እኔ ነኝ። ፉጨትና ሳህን የሚሰማው ጆሮዬ ሄዷል፤ ያን ቀንም ቀልዴን አልነበረም። የሚያመልጠኝን እሷ እየነገረችኝ ነው። ቤቴ እንዳልጨርሰው፣ ቤት የማወራው ሰው የለኝም። ጥፋተኛ ብዬ ፈርጃለሁ።"

  ስልኩ ቧንቧው እየጻፈ ነው ይላል… ይተወዋል… እየጻፈ ነው… ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት።  መልሼ አነሳሁት።

"የሚቀጥለው ኮንሰርት ላይ በሌላው ጎንዎ በኩል እኔ ልቀመጥ" ይላል። ከሥሩ፦ "የትኛው ጆሮዎ ይሻላል?"

ግራው፣ አልኩት።