ጭሱ ሰማያዊ ሲሆን

ውድ አባዬ፣

እንደምን ከርመሃል? ደህና መሆንህን አክስቴ ነግራኛለች፤ «ስሟን አታንሺብኝ» ማለትህንም አልደበቀችኝም። ስሜን አታንሳ፣ ደብዳቤዬን ግን አንብብልኝ።

በቀበሌው ስብሰባ ደኑ ከዛፍ ቆራጭ ይዘጋ ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ እጄን ሳወጣ፣ ከፊት ወንበር ዞር ብለህ አየኸኝ። ሠላሳ ዓመት ከሰል አክስለህ ያሳደግከኝ አንተ፣ «ከእኔ ዛፍ በለጠብሽ?» ብለህ በማግስቱ አክስቴ ቤት ገባህ። አሁን ልመልስልህ፦ አልበለጠብኝም። ግን ደኑ ስለተመነጠረ ምንጫችን ነጥፎ እናቴ ጀሪካን ተሸክማ የት ድረስ እንደምትሄድ አንተም ታውቃለህ።

እኔማ በስብሰባው ላይ አፌን ሞልቼ «ዛፍ ሳይቆረጥ፣ ፍሬው ከተፈለፈለ የበቆሎ ቆረቆንዳ ከሰል እሠራለሁ» ብዬ ነበር። ጉድ ፈላ! ቆረቆንዳውን በበርሜል ሞልቼ ለኮስኩት፤ የመጀመሪያው በርሜል አመድ ሆነ። ሁለተኛው ጥሬውን ወጣ። የትምህርት ቤቱ ወጥ ሠሪ ሞክራው ዓይኗ እንባ በእንባ ሆነና፣ «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ከሰል ነው ቅጣት?» አለችኝ። ሰዉም «ካልሆነላት ደኑ ይከፈት» ማለት ጀመረ።

አንተ ትዝ ያልከኝ ያን ጊዜ ነው። ልጅ ሆኜ ምሳህን ሳመጣልህ፣ «ነጩ ጭስ ውሃው ነው፣ ተይው ይውጣ። ሰማያዊ ሲሆን ግን አፍኚው፤ ከዚያ ወዲያ የምታቃጥዪው ከሰልሽን ነው» ትለኝ ነበር። ሦስተኛውን በርሜል ለኩሼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ጭሱ ሰማያዊ ሲሆን ክዳኑን ደፍቼ ዙሪያውን በጭቃ መረግኩት። በማግስቱ ስከፍተው ቆረቆንዳው ቅርጹን እንደያዘ ከስሏል። ፈጭቼ፣ በቀጭን የዱቄት ሙቅ ለውሼ፣ ጠፍጥፌ አደረቅኩት። ወጥ ሠሪዋ የመቶ ልጅ ምሳ አበሰለችበትና «እሰይ! ጭስ የለው ምን የለው! ማን አስተማረሽ?» አለችኝ።

አባዬ፣ የበደልኩህ እዚህ ላይ ነው። «ሥልጠና ወስጄ» አልኳት። እጄን አውጥቼ የተቃወምኩትን ሰው ሙያ ይዤ መመስገን አሳፈረኝ።

ባለፈው እሁድ ስብሰባ ተጠራና ደኑ እንደተዘጋ ይቆይ ተባለ። አጨበጨቡልኝ። ጭብጨባው አልዋጥልኝ አለ። ተነስቼ «ዋሽቻችኋለሁ፤ ያስተማረኝ አባቴ ነው» አልኩ። ጓደኛህ አናጢው፣ «ታዲያ አስተማሪው እያለ ለተማሪዋ ምን ያስጨበጭበናል?» ሲል ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔ አለቀስኩ።

ቅዳሜ ጠዋት አራት በርሜል ባንዴ እንለኩሳለን። የሚፈጭም የሚጠፈጥፍም ሰው አለኝ። ጭሱን አይቶ «አሁን ድፉት» የሚል ሌላ ሰው ግን አላፈላለግኩም፤ ቦታው የአንተ ነው። ረጅሙ አካፋህ እንደተውከው ከበሩ ኋላ ቆሟል።

እጄን በማውጣቴ ያልተጸጸትኩ፣ ግን በጣም የናፈቅኸኝ
ልጅህ