ፈዲላ፣ ዓሦቹ ሳፋው ውስጥ ናቸው

ፈዲላ፣ ብደውል ብደውል አታነሺም። ይሄን እንዳየሽ ቦርሳሽን ጣይና ወደ ጓሮ ሩጪ።

ልብስ ያለቀለቅሽበትን ውሃ የዓሦቹ በርሜል ውስጥ ገልብጠሽዋል። አውቃለሁ፣ በዚህ ከተማ ውሃ ማፍሰስ ሐራም ነው ብለሽ ነው። ሳሙና አለው እኮ! ግማሾቹ ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፍፈዋል።

የተረፉትን የምንጠጣውን ውሃ ሳፋ ላይ ሞልቼ እዚያ አድርጌያቸዋለሁ። በጆጉ እየቀዳሽ፣ ከፍ አድርገሽ መልሰሽ አንቆርቁሪባቸው። አየር የሚያገኙት እንደዚያ ብቻ ነው። እስክመጣ እንዳታቆሚ። ወላሂ እንዳታቆሚ።

ቆስጣው የሚያድገው የነሱ ኩስ ባለበት የበርሜሉ ውሃ ነው። እነሱ ካለቁ ጓሮው አለቀ። እኔ ደግሞ እዚህ አገር ከዚህ ጓሮ ሌላ ምንም የለኝም።

የጉድጓድ ውሃ ፍለጋ ጅግጅጋ ያር ሰፈር ድረስ ሄጃለሁ። ካጣሁ እንጃ።

«አትንኪ! አትንኪ!» እያልኩ ስጮህብሽ ከረምኩ እንጂ ለምን እንደሆነ አንድ ቀን አልነገርኩሽም። እሱን አሁን ተይው።

ድስቱ ውስጥ ያለው ቆስጣ ትናንት የቀነጠስኩት ነው፣ ሳሙና አልነካውም። ከሥራ ስትመጪ እንደሚርብሽ አውቃለሁ። በቀኝሽ ብዪ፣ በግራሽ ቅጂ።

ሙልኪ