የሙታንን መንገድ ስለዘጋው ዩኒቨርሲቲ

ደባርቅ፣ ኅዳር ፲፩ ቀን ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ አሻግሬ፣ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለበጎችዎ ጤና እመኛለሁ። በስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ አላውቅም፤ ሰው ዞሮ ሲያየኝ ቃሉ ከአፌ ይጠፋል። ስለዚህ በመሠረተ ትምህርት በለየሁት ፊደል ልጽፍልዎ ደፈርኩ፤ ስሕተት ቢያገኙበት ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አንደኛ፣ ባለፈው እሑድ ስለ ሰፈራችን መልክዓ ምድርና ታሪክ ለሰጡን ትምህርት አመሰግናለሁ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ሜዳ ከአብዮቱ በፊት ምንም ያልነበረበት ባዶ ቦታ መሆኑን ከእርስዎ ሰማን። እኛ በስሕተት «ማሳረፊያ» ስንለው ኖረናል። አስከሬን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ቃሬዛው እዚያ ወርዶ ካህናቱ ፍትሐት ሲያደርሱ፣ ተሸካሚዎቹም ትከሻ ሲቀያየሩ ስላየን ነው እንጂ ሌላ ማስረጃ የለንም።

ሁለተኛ፣ ሜዳው ለዩኒቨርሲቲ ተብሎ በባሕር ዛፍ አጥር በመከለሉ ኮርተናል። የዘመቻ ተማሪዎች እዚህ ሰፍረው በነበረ ጊዜ አንድ ቀን ዩኒቨርሲቲ ይሠራላችኋል ብለውን ነበር። እነሱ ሄዱ፣ «የዩኒቨርሲቲ ቦታ» የሚል ሰሌዳ ተተከለ። አጥሩ ከቆመ ሁለት ክረምት ቢያልፍም ለመሠረት የተጣለ ድንጋይ የለም፤ ሆኖም በጎችዎ በየማለዳው ሳይጓደሉ ገብተው ማታ ጠግበው ስለሚወጡ ትምህርቱ መጀመሩን ተረድተናል። የሚመረቁበትን ቀን ቢያሳውቁን ለፋሲካ በተዘጋጀን ነበር።

ሦስተኛ፣ በነሐሴ አጥሩ መንገዱን ስለዘጋብን የጎረቤታችንን የእማማ አልጣሽን አስከሬን በዳገቱ በኩል ዞረን ስንወስድ ተሸካሚዎቹን ጭቃው አንሸራተታቸውና ቃሬዛው ወደቀ። ቄስ ሀብተ ሚካኤል በማግስቱ መጥተው የአጥሩ በር ለቀብር ጊዜ ብቻ እንዲከፈት ሲለምኑዎት የሰጡትን መልስ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ «የሞተ ሰው አይቸኩልም፤ ይዙር» አሉ። ለሙታን ድካም ስላሰቡ እናመሰግናለን። ነገር ግን አያቴ አቶ ገሠሠ ያን ዕለት ከቃሬዛው ኋላ ነበሩ፣ ሲወድቅም አይተዋል። ሳል አልጋ ላይ ካዋላቸው ወዲህ ሞትን አይፈሩም፤ የሚፈሩት ዳገቱን ነው። ትናንት አጥሚት ሳጠጣቸው «እኔንም ትጥሉኝ ይሆን፣ ልጄ?» አሉኝ። እርስዎ የተማሩ ስለሆኑ ለእሳቸው የሚሆን መልስ አያጡም ብዬ ነው ማስቸገሬ።

አጥርዎ ምስጥ እንዳይነካው፣ ተማሪዎችዎም በዕውቀት እንዲሰቡ እየተመኘሁ፣ ለወንበርዎ ከሚገባው አክብሮት ሁሉ ጋር እሰናበትዎታለሁ።

ስንቅነሽ ዳምጤ
ከአጥሩ ውጭ

ማስታወሻ፦ ነገ ማለዳ በሩ ለበጎችዎ ሲከፈት አያቴን ደግፌ እገባለሁ። ቃሬዛ ያርፍበት በነበረው ቦታ ቁርበት አንጥፌ አብሬያቸው እቀመጣለሁ። እሳቸው እዚያ ድረስ ለመድረስ እንጂ ለመመለስ አቅም አይተርፋቸውም፤ ስለዚህ ሊያስወጡን ቢወስኑ እርስዎና የጥበቃ ጓዶች በትከሻችሁ መሸከም ግድ ይሆንባችኋል። እባክዎ በዳገቱ አያዙሯቸው።